ስንብት የተባለው ሰይፍ

ወይዘሮ ንግሥቲ ሐሙስ ጠዋት የተከራያቸውን በር ያንኳኩት ያዋሱትን ባልዲ ሊጠይቁ ነበር። መልስ ሲያጡ ገፋ አደረጉት፤ በሩ ለካ አልተቆለፈም። ቀጥለው ያሰሙት ጩኸት ዳሞታ ተራራ አናት ድረስ ተሰምቷል ብለው የሚምሉ አሉ። ያን ያህል እንኳ ባይሆን የሰፈሩን ሰው ቁርሱን አስጥሎ ግቢያቸው ውስጥ ለመሰብሰብ በቅቷል።

ኢንስፔክተር አስካለች ስትደርስ ግቢው ጢም ብሏል። የወላይታ አዲስ ዓመት፣ የጊፋታ ሳምንት ነው፤ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት፣ ፖሊስም ቢሆን ትንሽ አረፍ የሚልበት። "ምናለ ሰው ይቺን ሳምንት እንኳ ሳይገዳደል ቢውል!" እያለች ነበር የመጣችው። ክፍሉን ስታይ ግን ደብተሯን አወጣች።

ሲሚንቶው ላይ ደም አለ። ጠረጴዛው ላይም ደም አለ፤ በደሙ መሐል ነጫጭ የአጥንት ስብርባሪ። ጥግ ላይ በደም የራሰ ሸሚዝ ተጥሏል። አልጋው ሥር ደግሞ ስንዝር የምታህል የተሰበረች የሰይፍ ጫፍ ታብረቀርቃለች።

"በሰይፍ!" አሉ ሳጅን መልአኩ። ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው ናቸው፤ አስካለችን ከምልምልነቷ ጀምሮ ስለሚያውቋት በማዕረግ ብትበልጣቸውም "አንቺ" ይሏታል። "በዱላ አይቻለሁ፣ በገጀራ አይቻለሁ፣ በሙቀጫ ዘነዘና እንኳ አይቻለሁ። በሰይፍ ግን ዛሬ ገና ነው።"

አስካለች ቀና አለች። ግድግዳው ዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው፤ ገለባ ካባ የደረበ አንድ ሸበቶ ጎራዴኛ ሲዘል፣ ሲመክት፣ ተራራ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ። ከሥዕሉ በታች ሦስት ማንጠልጠያ፣ በየማንጠልጠያው ላይ የእጅ ጽሑፍ፦ ጤዛ፣ ወላፈን፣ ስንብት። ጤዛና ወላፈን ከእንጨት የተጠረቡና ቀለም የተቀቡ ናቸው። የስንብት ቦታ ባዶ ነው።

"ማነው ሰውየው?"

"ሂሞሩ ይሉታል" አሉ ወይዘሮ ንግሥቲ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው። "የጃፓን ካርቱን ነው፣ አኒሜ ነው የሚሉት። ህብረት፣ ተከራዬ፣ ማስታወቂያ ጽሑፍ ነው ሥራው፤ ማታ ማታ ከጓደኛው ከበእምነት ጋር ስለዚህ ሽማግሌ ሲጽፉ ነው የሚያመሹት። ስለ ሰይፎቹ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል እኮ! ሁለት ያደጉ ልጆች!"

"ህብረትን መቼ አዩት?"

"ትናንት አስር ሰዓት ገደማ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ልብስ እያጠብኩ ነበር። በእምነት 'ስንብትን አትምዘዝ!' ብሎ ጮኸ። 'ከመዘዝከው አለቀልህ!' አለ። ከዚያ ቿ! የሚል ነገር። ከዚያ ህብረት 'ወይኔ እናቴ!' አለ። ከዚያ ጭጭ።"

"ታዲያ ለምን ገብተው አላዩም?"

"ካርቱናቸውን የሚያዩ መስሎኝ ነዋ! ኢንስፔክተር፣ እዚያ ቤት በቀን ሦስት ሰው ይሞታል። በየሞቱ ልግባ?"

ከግቢው በር ፊት ለፊት አቮካዶ የምትሸጠዋ ሴት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመረች። ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ በነጭ አንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ባጃጅ ውስጥ ሲገባ አይታለች። ማን እንደያዘው ግን ዝናቡ አላሳያትም።

"ሬሳውን!" አሉ ሳጅን መልአኩ።

"ጋሽ መልአኩ፣ ባጃጅ ውስጥ ሬሳ በቁመቱ እንዴት ይገባል?"

"ቆራርጠውት ከሆነስ?"

"ከተቆራረጠ በኋላማ እንዴት ረጅም ይሆናል?"

ሳጅኑ ጢማቸውን ማሻሸት ያዙ። አስካለች ግን የቀለደችው ፍርሃቷን ልታባርር ነው። የህብረት ስልክ ዝግ ነው። ሥራ ቦታውም አልገባም። ሃያ አራት ዓመቱ ነው።

ጎንበስ ብላ ወለሉን አየች። የደም ጠብታው ከግቢው በር ጀምሮ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተከታትሏል፤ የየጠብታው ጭራ ወደ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚያመለክተው። ከክፍሉ ወጥቶ የሄደ ጠብታ አልታያትም። ጠረጴዛው እግር ሥር ደም የነካው የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ወድቋል። መስኮቱ ላይ የበርበሬ ማባያ፣ ዳጣ ያለበት ጣባ ተቀምጧል፤ ዳጣው በሁለት በኩል ተጠርጓል። አንድ ሰው ብቻውን ሲበላ ከሁለት በኩል አያጠቅስም። ይህን ሁሉ ደብተሯ ላይ አስፍራ ገና ስትቆም፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ድንገት መንገድ ለቀቀ።

በሩ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ቆሟል። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ነጭ ጫማው ላይ ግን ደም ደርቋል። የተሰበሰበውን ሰው አየ፣ ፖሊሱን አየ፣ ከዚያ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ህብረት ምን ሆነ?" አለ በእምነት።

ሳጅን መልአኩ መልስ የሰጡት በካቴና ነው።

*

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ልጁ ወንበር ላይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ።

"ትናንት አስር ሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚያው፣ እሱ ጋ።"

"ደሙ የማን ነው?"

በተቀመጠበት ተቁነጠነጠ። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አንዲት እናት እያለቀሱ ነው።

"አልገደልኩትም ኢንስፔክተር። እንደ ወንድሜ ነው። ከዚህ በላይ ግን ምንም አልናገርም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃል ገብቻለሁ።"

"ለማን?"

እንደገና በሩን አየ።

"ስማኝ በእምነት። እንዲህ ዝም ካልክ ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ነው የምትቀርበው።"

ያን ጊዜ ነው ቀና ያለው። "ነገ ጠዋት አረካ የመምህርነት ፈተና አለብኝ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ገሱባ ሆና እየጸለየች..." ቃሉን ሳይጨርስ አንገቱን ደፋ።

"እንግዲያው ተናገርና ፈተናህ ላይ ድረስ!"

ከንፈሩን ነከሰ። አስካለች በሸቀች። ስንት ቀጣፊ አይታለች፤ ቀጣፊ ይለፈልፋል፣ ይምላል፣ ይገዘታል። ይህ ግን እያወቀ ገደል ዳር የተቀመጠ ሰው ነው የሚመስለው።

ወደ ማረፊያ ክፍል ሲወስዱት ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የህብረት እናት፣ ኮሪደሩ ላይ ተነስተው ቆሙ። አባታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ ወደ ልጁ ቀረቡ።

"በእጄ አጉርሼህ! ከልጄ ሳልለይህ አራት ዓመት በእጄ አጉርሼህ! እጅህ ይቆረጥ! እንደ እኔ እናትህ ታልቅስ!"

በእምነት እንባው መሬት ላይ ጠብ ጠብ እያለ "እሺ እማዬ" አለ።

አስካለችን ያ "እሺ" እንደ እሾህ ወጋት። ለእርግማን እሺ የሚል ገዳይ በሥራ ዘመኗ አልገጠማትም።

እናቲቱን አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አዩት?"

"ማክሰኞ። 'ነገ ሽሮ ሠርቼ እጠብቅሃለሁ' ብዬው 'እመጣለሁ' ብሎኝ ነበር፤ ቀረ። ደግ ልጅ ነው ልጄ። አባቱ ከሞተ ወዲህ አንድም ጾም ሽሮ አያውቅም። መቃብሩ ላይ ቆሞ ነው ቃል የገባልኝ።" እንባቸውን ጠረጉ። "ሬሳውን ብቻ ስጡኝ። በሥርዓቱ ልቅበረው፤ ሌላ ምንም አልልም።"

አስካለች አጠገባቸው ተቀመጠች። እጃቸውንም ያዘች።

*

ስድስት ሰዓት ላይ ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። የላብራቶሪዋ ባለሙያ ሳቅ አፍኗታል።

"ኢንስፔክተር፣ ስለ ላካችሁልን አጥንት ነው። ይሄ የሰው ከሆነ ሰውየው ቀንድ ነበረው ማለት ነው።"

"የከብት ነው?"

"የኮርማ ቅልጥም ነው። የወለሉም ደም ከዚያው ነው። ሸሚዙ ላይ ያለው ግን..." ሳቋ ጠፋ። "እሱ የሰው ነው። ብዙ ነው ደግሞ።"

አስካለች ስልኩን ዘግታ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ግማሽ እፎይታ የሚሉት ነገር ከጭንቀት ይከፋል። በጊፋታ ሳምንት ወላይታ ውስጥ የኮርማ ሥጋ ቤት መግባቱ ምን ይገርማል? የማይገባው ቤት ቢኖር ነው የሚገርመው። ጠብታው ወደ ውስጥ የሄደው፣ የእንሰት ቅጠሉ፣ ዳጣው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ግን ልጁ ይህን ለምን ደበቀ? "ሥጋ በልተን ነበር" ማለት ምን ያሳፍራል? ቃል ተገብቶ የሚደበቅ ነገር ነው?

ሳጅን መልአኩ ከጎረቤት የተላከላቸውን ጥብስ ከፍተው ለሁለት ሰው በሚበቃ ጉርሻ ላይ ናቸው።

"በሞቴ ቅመሺ። እኔ እንደሆነ ከትናንት ጀምሮ ምራቄን ስውጥ ነው ያደርኩት።"

"ትናንት ለምን አልበሉትም?"

ሳጅኑ እንደ ሕፃን ተመለከቷት። "ትናንት ረቡዕ አይደል እንዴ?"

አስካለች ፍጥጥ ብላ ቀረች። እሷ ከጴንጤ ቤተሰብ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ለእሷ ረቡዕ ከማክሰኞ ቀጥሎ የሚመጣ ቀን ነው፣ አለቀ። ሥጋውን አየች፣ ደሙን አየች፣ ቀኑን ግን አላየችም።

"ጋሽ መልአኩ፣ ይባረኩ! ጉርሻዎ ይባረክ!" ብላ እየሮጠች ወጣች።

*

በእምነትን ከጣቢያው ጓሮ፣ አቮካዶው ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ ሆኖ ኮሪደሩ አይታይም፣ ድምፅም አይሰማም።

"ትናንት ረቡዕ ነበር" አለችው። "አንተ እንደ እኔ ረቡዕን አትጾምም። እሱ ይጾማል።"

ልጁ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። አልተቸኮለችም፤ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

"አጎቴና ጎረቤቶቹ ኮርማ አርደው ድርሻዬን በእንሰት ቅጠል ሰጡኝ። ለራሴ ነበር ያመጣሁት። እሱ ዳጣውን ሲያይ አላስችል አለው። 'አንዲት ጉርሻ' አለ። አንዲቷ ጉርሻ ሥጋውን ጨረሰችው። ከዚያ ደግሞ ቅልጥሙን ልስበር አለ፤ መጥረቢያ የለንም፤ ስንብትን አወረደ። ሌሎቹ እንጨት ናቸው፣ ስንብት ግን እውነተኛ ብረት ነው፣ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ። አትምዘዝ ብዬ ጮህኩ። አንዴ ሲመታው ሰይፉ ተሰበረ፣ ስባሪው ዘሎ መዳፉን ተረተረው። በሸሚዙ ይዤለት፣ ደሙ ቆም ሲል በፎጣ አሰርኩለት።"

"ከዚያስ?"

"'እግዜር ነው የቀጣኝ' ብሎ አለቀሰ። 'ለእናቴ እንዳትነግራት' አለ፤ ቃል ገባሁለት። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ሂድልኝ ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔም ተናድጄ ሄድኩ። በጊፋታ ተኳርፎ ማደር ነውር ነው ብዬ ዛሬ ልታረቀው ስመጣ እናንተን አገኘሁ።"

"አንተ ልጅ! ለምን ጠዋት አልነገርከኝም?"

"እናቱ እበሩ ላይ ነበረች እኮ!" አለ ድምፁ ተሰብሮ። "ደሙ ፈሶ የሆነ ቦታ ሞቶ ከሆነስ? የልጇ ሞት ሳያንሳት፣ 'ጾም ሽሮ፣ ንስሐ ሳይገባ ነው የሞተው' ብዬ ልጨምርላት? አራት ዓመት ያበላችኝ ሴት ናት። እኔን ትርገመኝ። ያንን ግን ከእኔ አፍ አትሰማም።"

አስካለች ትከሻውን ያዝ አደረገችው። ስትናገር ግን እንደ ልማዷ ተቆጣች። "በል አሁን ተነስ። ሰይፉ ከነእጀታው የለም። አንሶላ ውስጥ የተጠቀለለው እሱ ነው። ያን ስባሪ ተሸክሞ የት ይሄዳል?"

በእምነት እንባውን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ በራ። "መመሪያው! ኢንስፔክተር፣ መመሪያው የት አለ?"

መመሪያው ከማስረጃው ጋር በፌስታል ታስሮ ነበር፤ ባለ ጥቁር ሽፋን ደብተር፣ "የሂሞሩ ሦስት ሰይፎች ሙሉ መመሪያ"። በእምነት ገጹን ሳይፈልግ አገኘው። አስካለች ጮክ ብላ አነበበች፦

"ጤዛ የማለዳ ሰይፍ ነው፤ ይመክታል እንጂ አይቆርጥም። ወላፈን በቁጣ አይመዘዝም፤ በቁጣ የመዘዘው እጁን ያቃጥላል። ስንብት በየታሪኩ አንዴ ብቻ ይመዘዛል። ስንብት የተሰበረ እንደሆነ አይጣልም፣ ለሌላም አይሰጥም፤ ባለቤቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነስቶ ወደ ሠራው እጅ ይመልሰዋል፤ ሂሞሩ ስባሪውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ሦስት ተራራ በእግሩ ተሻግሯልና።"

"በነጭ ጨርቅ" አለች አስካለች። "ማነው የሠራላችሁ?"

"ተሻገር የሚባል አንጥረኛ ነው። ገሱባ።"

*

ወደ ገሱባ ስልክ ቢደወል ቢደወል አልሠራም፤ በትናንቱ ዝናብ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቷል። አስካለች ለእናቲቱ ምንም አልነገረቻቸውም፤ ያልጨበጡትን ተስፋ መስጠት ግፍ ነው። በእምነትንና ሳጅን መልአኩን ይዛ በፖሊስ መኪና ወጣች። መንገዱ ጭቃ ነው። በየመታጠፊያው አንዴ የቆሰለ ሰው መንገድ ዳር ወድቆ ይታያታል፣ አንዴ ወንዝ። በእምነት ከኋላ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለየ ነው።

ከገሱባ ከተማ ወጣ ብላ ያለችው የአንጥረኛው ጎጆ ጭስ ይወጣባታል። አስካለች ቀድማ ገባች።

ከፍሙ አጠገብ አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሏል። ቀኝ እጁ እንደ ሕፃን ራስ ተጠቅልሏል፤ በግራው ወናፍ ይነፋል። ፊቱ ጥላሸት ብቻ ነው።

"ህብረት?"

"አቤት?"

አስካለች የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ከዚያ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ደግሞ እንባ ይዞ መጣ። "ተመስገን ጌታዬ! ተመስገን! አንተ የማትረባ! ሶዶ ላይ ሞተሃል እኮ!"

በእምነት በአጠገቧ አልፎ ጓደኛውን አንገቱን አነቀው፤ ልጁን ማቀፉ ይሁን መደብደቡ ለጊዜው አልለየም።

"ስልኬ ዘጋ" አለ ህብረት ትንፋሽ አጥሮት፤ "ወንዙ ሞላ፤ መኪና ጠፋ። እዚህ ጤና ጣቢያ ሰፉኝ። ልመለስ ነበር፣ ሰይፉ እስኪያልቅ ብዬ..."

አንጥረኛው ተሻገር መዶሻውን አስቀምጦ ለአስካለች በወላይትኛ ሆዱን ነገራት። ሰይፉን ለጌጥ እንጂ ለቅልጥም አልሠራውም። ደግሞ ይሄ ሞኝ ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና ላይ ተንገላቶ ሲመጣ፣ የሰይፉን ጫፍ ረስቶ ነው የመጣው። ሳጅን መልአኩ ከኪሳቸው በፌስታል የታሸገች ማስረጃ አውጥተው "ይቺን ነው?" አሉ።

*

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሶዶ ገቡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አልተነሱም ነበር። ልጃቸው ጥላሸት ለብሶ ከመኪናው ሲወርድ አዩት። መጥተው ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ትከሻውን ዳሰሱ፤ አካሉ መሟላቱን እንደሚያረጋግጥ ሰው።

"እጅህን ምን ሆንክ?"

ህብረት በእምነትን አየው። በእምነት መሬት መሬቱን ያያል። አስካለች ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች፤ ይህን የሚናገረው ሰው አንድ ብቻ ነው።

"እማዬ፣ ሥጋ ስበላ ነው።" የተጠቀለለ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። "ትናንት።"

"ትናንት?"

"አዎ፣ ረቡዕ። ቅልጥም ልሰብር ስል ነው የቆረጠኝ። በእምነት ለአንቺ እንዳይነግርሽ ቃል አስገብቼው ነው። ሞቼ ከሆነ ብሎ፣ ጾም ሽሮ ሞተ እንዳትዪ ነው ዝም ያለው።"

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እናቲቱ ዞረ። ሳጅን መልአኩ እንኳ ቆባቸውን አወለቁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጃቸውን አዩት፣ ሰማዩን አዩት፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"እልልልልልልል! ልጄ ሥጋ በላ! እልልልል! በረቡዕ ምድር ሥጋ በላልኝ!"

ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ በጾም ሻሪ እልል ሲባል ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እልልታው ሲያልቅ ልጃቸውን በጥፊ አንዴ አቀመሱት። "ይሄ ለጾሙ ነው። የቀረውን የንስሐ አባትህ ይጨርሱልሃል።"

ከዚያ ወደ በእምነት ዞሩ። ያ ሁሉ ጉልበት ከላያቸው ወረደ። ጎንበስ ብለው ጉልበቱን ሊይዙ ሲሉ ልጁ ደንግጦ ክንዳቸውን ያዘ።

"እማዬ፣ በሞቴ! ይነሱ!"

"እጅህ ይቆረጥ አልኩህ። በዚህ አፌ። አንተ እሺ አልከኝ።" እጁን ስበው መዳፉን ሳሙት፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። "የእኔን ቃል መሬት ይብላው። ፈተናህ ስንት ሰዓት ነው?"

"ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ አረካ።"

"አብሬህ እሄዳለሁ። ወጥተህ እስክትመጣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።"

አስካለች የመፈቻውን ወረቀት ፈረመች። ለምስክርነት የተጠሩት ወይዘሮ ንግሥቲ ሁሉንም ጥግ ሆነው ሲያዩ ቆይተው "ባልዲዬስ?" አሉ፤ ያን ቀን ጣቢያው ውስጥ የታፈነው ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ፈነዳ።

ጥቁሩ ደብተር ለባለቤቶቹ ሲመለስ ህብረት እስክሪብቶ ለመነ። በግራ እጁ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሑፍ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት መስመር ጨመረ። አስካለች በትከሻው ላይ አሻግራ አነበበችው። "ስንብት ረቡዕና ዓርብ አይመዘዝም" ይላል።

እናቱም ተጠግተው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

"ዓቢይ ጾምንም ጨምርበት" አሉ።